የጅቡቲው ሲገባ

ወልደጻድቅ ድስቱን ከእሳት ያወረደው ልክ አምስት ሰዓት ከዐሥር ሲሆን ነበር፤ አንድ ደቂቃ አላስቀደመም፣ አንድ ደቂቃም አላዘገየም። ጋዙን አጠፋ። ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ሲያነሣው እንፋሎቱ መነጽሩን ሸፈነው። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ መልሶ ካደረገ በኋላ ድስቱ ውስጥ ያየው ነገር ሾርባ አይባልም ነበር። ከላይ የጠራ ውሃ፣ ከሥር ውሃውን ሳይቀላቀል ተለይቶ የተኛ የገብስ ክክ፣ መኻል ላይ ደግሞ ሥጋውን አልለቅም ብሎ የጨበጠ የፍየል አጥንት። ጥቂት ገብስ በማንኪያ አንሥቶ አኘከ። ጥርሱ ሥር ተንኮሻኮሸ።

"እንደ ተጻፈው ነው እኮ ያደረግሁት" አለ ጮክ ብሎ። ወጥ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ሰው አልነበረም።

ያም ሆኖ አጠለለው። ገብሱን በማንኪያ ጀርባ ደፍጥጦ፣ ዐቅሙ በፈቀደው መጠን አልሞ፣ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ይዞት ወደ መኝታ ቤት ገባ። ሚስቱ ተሻለች በሦስት ትራስ ተደግፋ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ ተቀምጣለች። ከመስኮቱ ውጭ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላቸውን አስፋልቱ ላይ ዘርግተዋል፤ አንድ ባጃጅ ጥላውን ሰንጥቆ አለፈ። ስትሮክ ከመታት ሃያ ሦስተኛ ቀኗ ነው። በሽታው ቀኝ ጎኗንና አንደበቷን ወስዶ ግራ እጇንና ዓይኖቿን ትቶላታል። ሐኪሞቹ በማንኪያ ውሃ ፈትነው መዋጥ እንደምትችል አረጋግጠዋል፤ ወፈር ያለና የላመ ነገር ስጧት ብለውም ወደ ቤቷ ሸኝተዋታል። መዋጥስ ትችላለች። ካለፈው ዓርብ ጀምሮ ግን አፏን አልከፍትም ብላለች።

"ተሹ፣ ይቺን ብቻ" አለና ማንኪያውን ወደ ከንፈሯ አስጠጋ።

ተሻለች ማንኪያውን፣ ቤት ተሳስቶ የገባን እንግዳ እንደምታይ ሆና አየችው። ከዚያም ፊቷን ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ መለሰች።

ትናንት፣ ግሉኮስ ሊሰጣት በየቀኑ የሚመጣው ነርስ ኒቆዲሞስ ወልደጻድቅን ወደ ደጅ ጠርቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነግሮታል። "ጋሼ፣ ነገ ዐሥር ሰዓት ላይ የአፍንጫ ቱቦውን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ በአፏ ከበላችልዎ እሰየው። ካልበላች ግን በዚህ ሁኔታ ሌላ ቀን ማሳደር አልችልም።" ወልደጻድቅ ራሱን ነቀነቀ። የተሻለች ታላቅ እኅት ከስድስት ዓመት በፊት በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶ፣ እንዳትነቅለው እጇ በፋሻ ከአልጋው ጋር ታስሮ ነበር የሞተችው። ከቀብር መልስ ተሻለች ነጠላዋን ሳታወርድ ደጃፍ ላይ ቆማ "እኔን እንዲህ እንዳታደርገኝ" ብላው ነበር። እሱም "እሺ" ብሏል። እሺ ማለት ያን ጊዜ ምንም አያስከፍልም ነበር።

የምግብ አሠራር ደብተሯን ያገኘው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ተሻለች በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል በለየች ማግስት የጀመረችው፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ የታተመበት፣ ዘይትና ቅቤ የጠገበ የትምህርት ቤት ደብተር ነበር። አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስቦ የምግቦቹን ስም አንድ በአንድ አነበበላት። ዓይኗ ከመስኮቱ አልተነሣም። "የሂቦ ሾርባ፣ ለበሽተኛ" ሲል ግን ዞራ አየችው። ለስሙ ይሁን፣ ፊቷ ላይ ለምትዞረው ዝንብ ይሁን፣ ለማወቅ የሚያስችል ምንም ነገር አልነበረም። እሱ ለስሙ ነው ብሎ ያዘው፤ ሌላ የሚይዘው አልነበረውምና።

ከስሙ ሥር የተጻፈው አራት መስመር ብቻ ነበር።

የፍየል አጥንት፣ ቅልጥም ያለበት። የጅቡቲው ሲገባ መጣድ።
ገብስ ሁለት ጭብጥ።
አብሽ በማንኪያ ጫፍ።
የአዲሱ ሲወጣ ማውረድ።

ይህን ያነበበ ጊዜ ከሃያ ሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ደስታ ያለ ነገር ተሰማው። በዚህ ከተማ ያንን ጽሑፍ አንብቦ ሊረዳ የሚችል አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። የድሮው ባቡር ሥራ እስኪያቆም ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የባቡሮችን መግቢያና መውጫ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ቀለም ሲጽፍ የኖረው እሱ ነው። የጅቡቲው ባቡር አራት ሰዓት ይገባል፤ ያው ባቡር የአዲሱ ተብሎ አምስት ከዐሥር ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ሰባ ደቂቃ። ሚስቱ ሳታውቀው በእሱ ቋንቋ ጽፋለታለች ብሎ አሰበ።

ስልኩ ጮኸ። አዳማ የምትኖረው ልጃቸው ሃኒ ነበረች።

"አባዬ፣ በላች?"

"ገና ነው።"

"የላክሁልህን ቪዲዮ አየኸው? ሴትዮዋ በፕሬዠር ድስት በአርባ ደቂቃ ጥንቅቅ አድርጋ ነው የምታሳየው።"

"እሱን እሑድ ሠርቼዋለሁ። አንድ ኩባያ ገብስ ትላለች፤ የትኛው ኩባያ እንደሆነ አትናገር። እስኪበስል ትላለች፤ መብሰሉ በምን እንደሚታወቅ አትናገር። እሷ ገና ሳታማስል ሁሉም ነገር አምሮ ይቀርባል።"

"ኩባያ ኩባያ ነው እኮ አባዬ።"

"እናትሽ ጋ ዐሥራ አራት ዓይነት ኩባያ አለ። ቆጥሬዋለሁ።"

ሃኒ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። "አባዬ… ቱቦውን እሺ በለው። ለጊዜው ነው ብሏል እኮ ዶክተሩ።"

"አክስትሽም ለጊዜው ነበር።"

ሃኒ "ነገ ፈቃድ ሰጥተውኛል፤ በማለዳ እነሣለሁ" ብላ ስልኩን ዘጋች።

ድስቱ ፊት ቆሞ አጥንቱን በሹካ ሲወጋ፣ ከግቢው በር አጠገብ የሸቀጥ ሱቅ ያላት ጎረቤታቸው ሳሕራ የግመል ወተት በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ገባች። ሳሕራ የሂቦ ልጅ ናት፤ ያቺ ሾርባውን ለተሻለች ያስተማረቻት የሂቦ። በር ማንኳኳት አታውቅም።

"አቦ ይሄ ምንድን ነው? ጎማ ነው የቀቀልከው?"

"የእናትሽ ሾርባ ነው።"

"ወላሂ እናቴ ብታይህ ከመቃብሯ ተነሥታ በማማሰያ ትመታህ ነበር።" ጠርሙሱን አስቀመጠችና ድስቱ ውስጥ አጎንብሳ አየች። "ስንት ሰዓት አበሰልከው?"

ወልደጻድቅ ደብተሩን አቀረበላት፤ ጣቱን ከመስመር መስመር እያሳለፈም አስረዳት። አራት ሰዓት መግቢያ፣ አምስት ከዐሥር መውጫ፣ ልዩነቱ ሰባ ደቂቃ። ሳሕራ መጀመሪያ ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ የድሪያ ቀሚሷን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ዱካው ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች።

"ሰባ ደቂቃ! እስቲ ያ ባቡር በሰባ ደቂቃ የወጣበትን አንድ ቀን ጥራልኝ። አንድ ቀን ብቻ።"

"ሰሌዳው ላይ…"

"ሰሌዳውን ተወው አቦ! ሰሌዳውን የምትጽፈው አንተ። እኛ እኮ እዚሁ የጣቢያው አጥር ሥር ቁጭ ብለን ነበር ጩኸቱን የምንሰማው። ዕቃ እስኪጫን፣ ኮንትሮባንድ እስኪፈተሽ፣ አንዷ ነጋዴ ከፈታሹ ጋር ተጣልታ እስክትታረቅ፣ ግመል ከሐዲዱ እስኪነሣ… አንዳንዴ ሻይ ጠጥተን፣ ምሳ በልተን፣ ተኝተን ተነሥተን ገና እዚያው ቆሟል።"

"ታዲያ ስንት ነበር?" ጥያቄው እንደ ልመና ሆኖ ወጣ።

"እኔ ምን አውቃለሁ? እናቴ በባቡር አልነበረም ሰዓቱን የምትይዘው። ቀትር ላይ ዙህር ሰግዳ ትጥዳለች፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ለአሱር አዛን ሲል ታወርዳለች። ተሻለች ስትማር 'እኔ የማልሰግደው በምን ልያዘው?' ብላ ሁለቱ በሳቅ ሲሞቱ አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ባቡር ያደረገችው።"

"መግቢያው ጠዋት ሆኖ፣ ሶላቱ ቀን ሆኖ እንዴት ይገናኛሉ?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ? የባቡሩ ሰው አንተ። የጠዋቱ ባቡር ቀን አይገባም ነበር?"

ወልደጻድቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያ ሰሌዳ ላይ "ዘግይቷል" የሚል ቃል ጽፎ አያውቅም። ባቡሩ ሐዲዱ ላይ ምንም ቢያደርግ ሰሌዳው ላይ በሰዓቱ ገብቶ በሰዓቱ ይወጣ ነበር፤ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ለሚጠይቁት መንገደኞችም "ተጽፏል" ይላቸው ነበር፣ አንገቱን ሳያቀና። ይህን የሥርዓት ጉዳይ አድርጎ ነበር የሚያየው። ዓለም ቢዛነፍ እንኳ ያልተዛነፈው መስመር የሚጻፍበት አንድ ቦታ ሊኖር ይገባል ብሎ ያምን ነበር። ተሻለች ምሳ አቆይታ ስትጠብቀው፣ እሱም ሰዓቱን እያየ ለምን ቀዘቀዘ ሲላት፣ "ያንተ ባቡር ሰሌዳው ላይ ነው የሚሄደው፣ የእኔ ሐዲዱ ላይ ነው" ትለው ነበር። ቀልድ ይመስለው ነበር። አሁን ግን ሚስቱ የጻፈችው በእሱ ቋንቋ አለመሆኑን፣ እንዲያውም በጆሮዋና በአጥሩ መካከል በነበረ፣ እሱ አንድም ቀን ገብቶበት በማያውቅ አገር ቋንቋ መሆኑን ተረዳ። የዚያ አገር ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ አንደበቷን አጥታ ተቀምጣለች።

"ጣዕሙስ?" አለ። "ጣዕሙን ታውቂዋለሽ አይደል?"

"የት ቀምሼው? ቤታችን ለበሽተኛ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ እኔ አልታመምኩ፣ አልሐምዱሊላህ። የበላኸው አንተ ነህ።"

በልቶታል። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምህረት ታይፎይድ ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ሲጥለው ተሻለች ይህንኑ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰች አስነሥታዋለች። ግን ያን ጊዜ ምላሱ በትኩሳት ተልጦ ሁሉም ነገር ሬት ሬት ይለው ነበር። ከሾርባው የሚያስታውሰው ሙቀቱንና፣ ከማንኪያው በስተጀርባ ያለውን የሚስቱን ፊት ብቻ ነው።

"በል ተነሥ፤ ዙህር ደርሷል" አለች ሳሕራ። "ጋዙን ተወው፤ እሳቱ ይቸኩላል። ከሰል አምጣ። ሌላ አጥንት አለህ?"

"አለኝ።"

"ገብሱንስ ስንት አደረግክ?"

"ሁለት ጭብጥ፤ እንደ ተጻፈው።"

ሳሕራ እጁን አየች። የቀለም ብሩሽ ሲይዝ የኖረ ረጅም፣ ሰፊ እጅ ነው። ወደ መኝታ ቤቱ በአገጯ አመለከተችው።

ወልደጻድቅ የገብሱን ሳህን ይዞ ገባና ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የተሻለችን ቀኝ እጅ፣ የማይሰማውንና የማይታዘዘውን፣ በመዳፉ ላይ አኖረው። ገብሱን ቀስ እያለ መዳፏ ውስጥ አፈሰሰ፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፎ ጨበጠላት፤ ከጣቶቿ መካከል የተረፈው ወደ ሳህኑ ተመልሶ እስኪያልቅ ጠበቀ። የቀረውን ወደ ሌላ ሳህን ገለበጠው። ይህንኑ ሁለተኛ ጊዜ አደረገ። ሁለቱ ተደምሮ የእሱን አንድ ጭብጥ ያህል እንኳ አልሞላም። ተሻለች እጇ የሌላ ሰው ንብረት ይመስል ዝም ብላ ታይ ነበር።

የዙህር አዛን እንዳበቃ ድስቱ ከሰሉ ላይ ተጣደ። ሳሕራ ሰግዳ ሱቋን ልትከፍት ሄደች። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጨረጭረው ጀመር፤ መንገዱ ከሰው ጸዳ። ወልደጻድቅ ዱካው ላይ ተቀምጦ አረፋውን ገፈፈ፤ ውሃ ጨመረ፤ የጨመረው በዝቶ እንደሆነ ተጠራጠረ፤ ከሰሉን አራገበ፤ ማራገቡን ተወ። አንድ ነገር ማድረግ እንዳለበት ይሰማዋል፤ የቱን እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም። በየዐሥር ደቂቃው ተነሥቶ መኝታ ቤት ይገባል፤ የተሻለችን ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ያያል፤ ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ ያርሳል፤ ተመልሶ ይቀመጣል። አብሹን በማንኪያ ጫፍ ጨመረ። የትኛው ማንኪያ እንደሆነ ራሱን መጠየቅ ሰልችቶት ነበር።

የአሱር አዛን ሲሰማ ድስቱን አወረደ። ሥጋው አጥንቱን ለቋል፤ ገብሱ ቀልጧል። ቀመሰው። መጥፎ አይደለም። የሂቦ ሾርባ ይህ ይሁን አይሁን ግን ምስክር የለውም። በልቶ የዳነበትን ምግብ ከማያውቀው ምግብ መለየት አልቻለም።

ሳሕራ ስትመለስ ተሻለችን በማንኪያ ሲለምን አገኘችው። ሾርባው በተዘጋው ከንፈር ላይ ወርዶ፣ በአገጯ አልፎ ፎጣው ላይ ደርሷል።

"ተሹዬ፣ እንደ ሂቦ ነው፣ እይው፣ በአዛን ነው የሠራሁት። ምኑ ነው የጎደለው? ጨው ነው? በዓይንሽ ንገሪኝ። ጨው ከሆነ አንዴ፣ ሌላ ከሆነ ሁለቴ ጨፍኚ።"

ተሻለች ዓይኗን ሳትጨፍን አየችው።

"አታስጨንቃት አቦ" አለች ሳሕራ፤ ሳቋ ከድምፅዋ ጠፍቷል። "ሌላ ሰው ሠርቶ የሰጣትን በልታ የምታውቅበት ቀን ትዝ ይልሃል? ሠርግ ቤት እንኳ መጀመሪያ ጓሮ ገብታ ድስት ከፍታ ነው የምትቀመጠው።"

ወልደጻድቅ ማንኪያውን አስቀመጠ። ጥቂት ካሰበ በኋላ ተነሥቶ ባለ መደገፊያውን የፕላስቲክ ወንበር ከሳሎን አመጣ። ሳሕራ ሳይነግራት ገባት። እሷ በብብቷ፣ እሱ በጉልበቷ ይዘው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጧት፤ ወገቧን በነጠላ ከመደገፊያው ጋር አስረው እየጎተቱ ወጥ ቤት አስገቧት። የወንበሩ እግር ሲሚንቶውን ሲፍቅ አስቀያሚ ድምፅ አሰማ። ድስቱን ትንሽዬ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊቷ አደረገና ክዳኑን ከፈተ።

ተሻለች ወደ ድስቱ አየች። ብዙ ጊዜ አየች። እንፋሎቱ ፊቷን ሲነካት አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ፤ ወይም ለወልደጻድቅ የተንቀሳቀሰ መሰለው። በጭልፋ ጨልፎ አቀረበላት። ግራ እጇ ከጭኗ ላይ ተነሣ፤ ጭልፋውን ገፋው። ሾርባው ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ።

ሳሕራ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

እጇ የገፋው ወደ ምድጃው በኩል ነበር፣ ገና ነው መልሰህ ጣደው የምትል ይመስል። ነገር ግን ድስቱ ከፊቷ፣ ምድጃው ከጎን በሆነበት በዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ሌላ የምትገፋበት አቅጣጫ አልነበረም። ወልደጻድቅ ሚስቱን አየ፤ ምድጃውን አየ፤ እንደገና ሚስቱን አየ። የተሻለች ዓይን ድስቱ ላይ ነው። ይህ በቂ ማስረጃ እንዳልሆነ፣ ምንም ማስረጃ እንዳልሆነ ያውቃል።

የግቢው በር ተንኳኳ። ኒቆዲሞስ ቦርሳውን በትከሻው አንግቦ፣ የግንባሩን ላብ በእጅጌው እየጠረገ ገባ። ተሻለችን ከድስት ፊት ታስራ ሲያያት ደነገጠ፤ ድንጋጤውን ግን በትሕትና ዋጠው።

"ጋሼ፣ ዐሥር ሰዓት ሆኗል። በላች?"

"አልበላችም።"

"እንግዲያው ወደ አልጋዋ እንመልሳት። እኔም ዐሥራ አንድ ሰዓት ሳቢያን ሰፈር ሌላ ታካሚ ይጠብቀኛል።" ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ። ዚፑ ሲከፈት ጥቅል የሆነው ነጭ ቱቦ በላስቲኩ ውስጥ ታየ። ተሻለችም አየችው።

ወልደጻድቅ ከሰሉ ላይ ጎንበስ ብሎ አመዱን ገፈፈ፤ ሥሩ ገና ቀይ ነበር። ሁለት ጉማጅ ከሰል ጨመረበት። ድስቱን በሁለት እጁ አንሥቶ መልሶ ጣደው፤ ክዳኑንም ገርበብ አድርጎ ከደነው።

"ጋሼ?" አለ ኒቆዲሞስ።

"ዘግይቷል" አለ ወልደጻድቅ።

"ምኑ?"

"ሾርባው።"

ነርሱ ሳሕራን አየ፤ ሳሕራ መሬት መሬት ታያለች። "እሺ፣ ስንት ደቂቃ ልጠብቅ?"

የወልደጻድቅ ግራ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ዓይኑ ተነሣ፤ የእጅ ሰዓቱ ፊቱ ፊት ደረሰ። ተሻለች ሰዓቱን ሳይሆን እሱን ታይ ነበር።

"አላውቅም" አለ፤ ዱካውንም በእግሩ ወደ ነርሱ ገፋለት።